ስድስት ሳምንት አይበቃም፦ ስለ ሜዲካል ቢሊንግና ኮዲንግ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአሜሪካ ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ ስለ ሜዲካል ቢሊንግና ኮዲንግ ሥልጠና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከርሟል። ኮዲንግ ሐኪም የጻፈውን ማስታወሻ ወደ ኮድ መቀየር፣ ቢሊንግ ደግሞ በዚያ ኮድ ኢንሹራንስን ክፍያ መጠየቅና እስኪገባ መከታተል ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ሙያው በስድስት ሳምንት ይለቀማል፤ ኮድ መሸምደድ እንጂ አናቶሚ ማጥናት አያስፈልግም፤ አገር ቤት ሐኪም ወይም ነርስ የነበረ ሰው መጽሐፍ ሳይገልጥ ፈተናውን ያልፋል፤ ሰርተፊኬት ከየትም ይምጣ ያው ነው፤ ወረቀቱ እንደተያዘ ከቤት ሆኖ በሰዓት 35 ዶላር ይሠራበታል፤ ሲፈለግም የራስን የቢሊንግ ድርጅት ከሳሎን መክፈት፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድን ጭምር ማሠራት ይቻላል።

ጸሐፊው ሰውን ከሌሊት ፈረቃና ከፓርኪንግ ሥራ ለማውጣት በቅንነት እንደጻፉት እንገምታለን። ልክ የሆነም ነገር ብለዋል። ለዚህ ሥራ የስቴት ላይሰንስ አይጠየቅም፤ ኤኤፒሲ የተባለው የኮደሮች ማኅበር ለሚሰጠው ሲፒሲ የተባለ የኮደርነት ፈተና ለመቀመጥም ዲግሪ ግድ አይደለም። ከጸሐፊው የምንለየው ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ ላይ ነው። ኮዲንግ የንባብ ሥራ ነው፤ ቢሊንግ የክትትል ሥራ ነው። ይህ ከተሳተ የሥልጠናው ርዝመትም፣ የትምህርት ቤት ምርጫውም፣ የደመወዝ ተስፋውም አብሮ ይሳታል።

ከመሸምደዱ እንጀምር። አይሲዲ-10-ሲኤም የተባለው የሕመም ኮድ መጽሐፍ ከ70,000 በላይ ኮዶች አሉት፤ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ይታደሳል። ሐኪሙ የሠራውን የሚገልጸው ሲፒቲ ደግሞ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይለወጣል። ይህን ማንም አይሸመድደውም፤ ፈተናውም መጽሐፍ ተከፍቶ የሚሠራው ለዚህ ነው። የሚፈተነው ደንቡን አንብቦ በሐኪሙ ማስታወሻ ላይ ማዋል ነው።

አንድ የክሊኒክ ጉብኝት እንውሰድ። ታካሚው የ68 ዓመት አዛውንት ናቸው። ሐኪሟ የጻፈችው እንዲህ ነው፦ ዓይነት 2 ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ደረጃ 3ኤ የደረሰ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም፤ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ይወስዳሉ፤ የግፊት መድኃኒታቸው መጠን ዛሬ ጨምሯል፤ ቀኝ ጆሯቸውን የደፈነው የደረቀ ኩክም በመሣሪያ ወጥቷል።

ሸምዳጁ ለስኳሩ ኢ11.9፣ ለግፊቱ አይ10፣ ለኩላሊቱ ኤን18.31 ብሎ ይጽፋል። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲታይ ልክ ይመስላል። አንድ ላይ ግን እርስ በርሱ ይጣላል፤ ኢ11.9 ማለት መዘዝ ያላስከተለ ስኳር ማለት ሆኖ ሳለ ከጎኑ የኩላሊት ሕመም ተቀምጧል። ደንቡ ስኳርና ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም፣ እንዲሁም ግፊትና ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም በአንድ ታካሚ ላይ ከተጻፉ፣ ሐኪሙ «አይገናኙም» ብሎ ካልጻፈ በቀር እንደተያያዙ ይቆጠሩ ይላል። ስለዚህ ትክክለኛው ዝርዝር ከኩላሊቱ ጋር ለተያያዘው ስኳር ኢ11.22፣ ከኩላሊቱ ጋር ለተያያዘው ግፊት አይ12.9፣ ለኩላሊቱ ኤን18.31፣ ለሜትፎርሚኑ ዜድ79.84፣ ለቀኝ ጆሮው ኤች61.21 ነው። ከሦስቱ የሸምዳጁ ኮዶች የተረፈው አንዱ ብቻ ነው።

ወደ ሲፒቲ እንለፍ። ከአንድ በላይ ሥር የሰደደ ሕመም ታይቶ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ስለተስተካከለ ጉብኝቱ 99214 የተባለው የጉብኝት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ኩኩ በመሣሪያ ስለወጣ 69210 ይሆናል፤ በውኃ ብቻ ታጥቦ ቢሆን ኖሮ 69209 ነበር። «ጆሮ ጸድቷል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ኮደሩ የትኛው እንደሆነ አይገምትም፤ ሐኪሟን ይጠይቃል። በአንድ ቀን ጉብኝትም ትንሽ ቀዶ ሥራም ስላለ 99214 ላይ ሁኔታውን የሚገልጽ ተቀጥላ ቁጥር፣ ሞዲፋየር 25፣ ይጨመራል። ሞዲፋየሩ የሚገባው ጉብኝቱ ከጆሮው ሥራ ውጭ ራሱን የቻለ ሲሆን ነው። ታካሚው ለጆሯቸው ብቻ መጥተው ቢሆን ኖሮ 69210 ብቻውን ይላክ ነበር፤ በዚያ ላይ 99214 እና 25 መደረብ ኦዲተሮች ፈልገው የሚይዙት ጥፋት ነው።

አሁን ቢለሩ ይረከባል። ኢንሹራንስ ክፍያ በሚጠየቅበት ሲኤምኤስ-1500 በተባለው ቅጽ ሣጥን 21 ላይ እስከ 12 የሕመም ኮድ ይገባል፤ ሣጥን 24ኢ ላይ ግን ለእያንዳንዱ የአገልግሎት መስመር ከ4 በላይ ማመልከት አይቻልም። ከ99214 ጋር የመጀመሪያዎቹ አራት ሕመሞች፣ ከ69210 ጋር አምስተኛው፣ የጆሮው ብቻ ይያያዛል። ይህ ሲገለባበጥ ኢንሹራንሱ «ለስኳር ጆሮ ይጸዳል ወይ?» የሚል ይመስል ሲኦ-11 የሚል የምክንያት ኮድ ሰጥቶ ይመልሰዋል። ሞዲፋየር 25 ሲረሳ ደግሞ ጉብኝቱ በጆሮው ሥራ ውስጥ ይጠቀለልና በሲኦ-97 ይወድቃል።

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ነው። ሞዲፋየሩን ጨምሮ ክሌሙን፣ ማለትም የክፍያ ጥያቄውን፣ እንደ አዲስ ይልከዋል፤ ኢንሹራንሱ ድጋሚ ነው ብሎ ሲኦ-18 ይሰጠዋል። ለአብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች መንገዱ ሣጥን 22 ላይ 7 ቁጥርን ከመጀመሪያው የክሌም ቁጥር ጋር አስገብቶ የታረመ ክሌም መላክ ነው። በተለይ ለአዛውንቶች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር፣ ለሐኪም ክሌም ይህን 7 አይቀበልም፤ እዚያ እንደ ስህተቱ ዓይነት ጉዳዩን በሪኦፕኒንግ ማስከፈት ወይም ይግባኝ ማለት ነው። ጊዜውም ይሮጣል። ለሜዲኬር ክሌም ማስገቢያው አገልግሎቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 12 ወር፣ ለመጀመሪያው ይግባኝ ደግሞ ውሳኔው ከደረሰ 120 ቀን ነው። የግል ኢንሹራንሶች በውላቸው ከዚህ በጣም ሊያሳጥሩት ይችላሉ፤ ካለፈ ሲኦ-29 ይመጣል፤ ኪሳራውም የክሊኒኩ ነው፤ ከታካሚው አይጠየቅም።

ክፍያው ሲመጣም ማንበብ አለ። ለምሳሌ ያህል ክሊኒኩ ለጉብኝቱ 210 ዶላር ጠይቆ ሜዲኬር የፈቀደው 130 ቢሆን፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው የሚሸፍኑት ዲዳክቲብልም ካለቀ፣ 80ው በሲኦ-45 ይሰረዛል። የ130ው 20 በመቶ፣ 26 ዶላር፣ በፒአር-2 የታካሚው ድርሻ ነው። ከቀረው 104 ላይ የመንግሥት የበጀት ቅነሳ የሆነው 2 በመቶ በሲኦ-253 ይቀነስና 101 ዶላር ከ92 ሳንቲም ይገባል። ለታካሚው የሚላከው ቢል 26 ዶላር ነው፤ ሁለተኛ ኢንሹራንስ ካላቸው መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል። 80ውን ወይም 2 ዶላር ከ8 ሳንቲሙን ታካሚው ላይ የጫነ ቢለር ክሊኒኩን ችግር ውስጥ ይከታል። በሲኦ የጀመረ ቅናሽ የክሊኒኩ፣ በፒአር የጀመረ የታካሚው መሆኑን የማያስተምር ኮርስ ቢሊንግ አስተማርኩ ሊል አይችልም።

ስድስት ሳምንት ወደሚለው እንምጣ። ሲፒሲ 100 ጥያቄ በ4 ሰዓት ነው፤ ማለፊያው 70 በመቶ። ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ተኩል አይሞላም፤ በዚያ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ይነበባል፣ ሁለትና ሦስት መጽሐፍ ይገለጣል፣ አራት ምርጫ ይመዘናል። ከመቶው 36ቱ ያህል ከቀዶ ሕክምና ምዕራፎች ስለሚወጡ «አናቶሚ አያስፈልግም» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይወድቃል። የጉልበት አርትሮስኮፒ (በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ጥያቄ ይምጣ እንበል፦ ሜኒስከስ ከተባሉት የመገጣጠሚያ ትራሶች የውስጠኛው ወይም የውጨኛው አንዱ ብቻ ከተቆረጠ 29881፣ ሁለቱም ከተቆረጡ 29880 ነው። በአንድ ጉልበት ሁለት ሜኒስከስ መኖሩን የማያውቅ ሰው ጥያቄው ስለምን እንደሆነ እንኳ አይገባውም። ኮሎቶሚ፣ ኮሎስቶሚ፣ ኮሌክቶሚ በጆሮ ይመሳሰላሉ፤ የመጀመሪያው አንጀትን መክፈት፣ ሁለተኛው በሆድ በኩል ቀዳዳ ማውጣት፣ ሦስተኛው ቆርጦ ማስወገድ ነው። በክፍያም በኮድም አይገናኙም።

ሙሉ ቀን እየሠራ በሳምንት 10 እና 12 ሰዓት ለሚያጠና ሰው እኛ የምንመክረው ከ6 እስከ 9 ወር ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ወር ለሕክምና ቃላትና ለአናቶሚ ይስጥ፤ ቀጥሎ የአይሲዲን ደንቦች፣ ከዚያ ሲፒቲን በየምዕራፉ ይሂድበት፤ ሞዲፋየር መጨረሻ ላይ እንደ ማሟያ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ጋር ይጠና። ከሁሉ በላይ የሚቆጠረው የተኮደው ማስታወሻ ብዛት ነው። ሁለት መቶ ያህል እውነተኛ መሰል ማስታወሻ ኮዶ ስህተቱን ያልታረመ ሰው ዓመት ቢማርም አልሠለጠነም።

የመጽሐፍ አያያዝም የሚዘለል አይደለም። አይሲዲ ሲፈለግ መጀመሪያ ወደ ፊደል ተራው ማውጫ፣ ከዚያ ግዴታ ወደ ዋናው ዝርዝር ይኬዳል። ከማውጫው ብቻ የሚቀዳ ሰው «መጀመሪያ ይህን ኮድ»፣ «ተጨማሪ ኮድ ተጠቀም»፣ «ከዚህ ጋር አይጻፍም» የሚሉትን ማዘዣዎች አያያቸውም፤ አንዳንድ ኮድ የሚጠይቀውን ሰባተኛ ፊደልም ይስታል። በመስታወት ስብርባሪ ለመቆረጥ የሚሰጠው ደብሊው25 ሦስት ፊደል ብቻ ስለሆነ ሰባተኛውን ለማድረስ በመሀል ሦስት ኤክስ ገብቶ ደብሊው25.ኤክስኤክስኤክስኤ ይሆናል። ኤክሶቹን የዘለለ ክሌም ኢንሹራንሱ ዘንድ ሳይደርስ ክሌሞችን አጣርቶ ከሚያስተላልፈው ድርጅት፣ ከክሊሪንግሀውስ፣ ይመለሳል። መጽሐፍ ሲገዛ ደግሞ የፈተናው ዓመት ይታይ፤ ከጓደኛ በነፃ የተገኘ የሦስት ዓመት አሮጌ መጽሐፍ በኋላ ዋጋ የሚያስከፍል ስጦታ ነው። በጠርዙ ላይ በእጅ መጻፍና ትር መለጠፍ ይፈቀዳል፤ ወረቀት ማጣበቅ አይፈቀድም።

ሐኪሞችና ነርሶች ሳያጠኑ ያልፋሉ መባሉ ይበልጥ ያሳስበናል፤ ብዙ ጎበዝ ሰው በዚህ ምክር ገንዘቡን አጥቷል። እርግጥ አናቶሚውና ቃላቱ ስላላቸው ሁለት ወር ይቆጥባሉ። ግን የሙያቸው ልማድ ለኮዲንግ እንቅፋት ነው። ሐኪም ምልክት አይቶ ወደ ድምዳሜ እንዲሄድ ነው የሠለጠነው፤ ኮደር ድምዳሜ ላይ መድረስ የተከለከለ ነው። ፖታሲየም 2.9 የሚል የላቦራቶሪ ውጤት ያየ ሐኪም የነበረ ኮደር እጁ ወደ ኢ87.6፣ ወደ ፖታሲየም ማነስ ኮድ፣ ይሄዳል። ታካሚውን ያየችው ሐኪም «ፖታሲየሙ አንሷል» ብላ እስካልጻፈች ድረስ ያ ኮድ አይሰጥም፤ ውጤቱ ቢጮህም። የታካሚውን ክብደት ከቁመቱ ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር (ቢኤምአይ) ከነርስ ማስታወሻ ሊወሰድ ይችላል፤ «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» የሚለው ምርመራ ግን ከሐኪሙ መምጣት አለበት።

ሌላው መሰናክል «ሊሆን ይችላል» የሚለው ነው። ክሊኒክ ውስጥ «ሳል፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል» ተብሎ ከተጻፈ ኮዱ የሳሉ፣ አር05.9 ነው፤ የሳንባ ምች አይኮድም። ያው ዐረፍተ ነገር ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ሲወጣ በተጻፈ ማጠቃለያ ላይ ከተገኘ ሆስፒታሉ እንዳለ አድርጎ ይኮደዋል። ይህን የደንብ ልዩነት የሕክምና ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ አያስተምርም። ጥርጣሬ ሲኖርም ለሐኪሙ የሚላከው ጥያቄ መልሱን የሚያጎርስ መሆን የለበትም። «ፖታሲየም አንሷል ብለው ይጻፉልኝ» ተብሎ አይጠየቅም፤ «የ2.9 ውጤትና የተሰጠው ፖታሲየም ተመዝግቧል፤ የክሊኒክ ትርጉሙን ቢገልጹልን» ተብሎ ነው።

ሰርተፊኬት ሁሉ አንድ ነው? አይደለም። ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሰጠው የመጨረስ ወረቀት አንድ ነገር ነው፤ በአገር አቀፍ ማኅበር ፈተና የሚገኝ ማረጋገጫ ሌላ። የሐኪም ቢሮና ክሊኒክ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ የኤኤፒሲን ሲፒሲ ነው። ወደ ሆስፒታል ተኝቶ ሕክምና ለሚያስብ አሂማ የተባለው ሌላ ማኅበር የሚሰጠው ሲሲኤስ ይሻላል፤ እዚያ አይሲዲ-10-ፒሲኤስ የተባለ ሰባት ፊደል ያለው ሌላ የቀዶ ሕክምና ኮድ ይጨመራል፤ ለጀማሪ የሚመከር አይደለም። የጤና መረጃ ቴክኒሻን ማረጋገጫው አርኤችአይቲ ደግሞ እውቅና ካለው ፕሮግራም የአሶሼት ዲግሪ ይጠይቃል። ዝንባሌው ወደ ቢሊንግ ለሆነ ሲፒቢ አለ። ትምህርት ቤት ሲመረጥ «ከተማሪዎቻችሁ ስንቱ የትኛውን ፈተና አለፈ? መጽሐፉና የፈተናው ክፍያ በዋጋው ውስጥ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ከመክፈል በፊትም በአካባቢ ያለውን የሥራ ፈላጊዎች ማዕከል፣ አሜሪካን ጆብ ሴንተርን፣ መጠየቅ ዋጋ አለው፤ በ2014 በወጣው የሥራ ሥልጠና ሕግ (ዊኦአ) መሠረት ብቁ ለሆነ ሰው በተፈቀዱ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ውስጥ ላለ ኮርስ ሊከፈል ይችላል። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ትምህርት ቤት ራሱ ጥያቄ ያስነሳል።

ጸሐፊው በሰዓት 35 ዶላር ያሉት ከየት እንደመጣ አልገለጹም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜዲካል ሪከርድ ባለሙያዎች ያወጣው የሜይ 2023 መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 48,780 ዶላር ነበር፤ ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። በሙሉ ሰዓት ሲካፈል 23 ዶላር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ያም የዓመታት ልምድ ያላቸውን ጨምሮ ነው። ፈተናውን ያለ ልምድ ያለፈ ሰው ደግሞ ስሙ ላይ የተለማማጅነት ምልክት ይጨመርበትና ሲፒሲ-ኤ ይባላል። ምልክቱ የሚነሳው በ2 ዓመት የኮዲንግ ልምድ፣ ወይም ቢያንስ 80 ሰዓት ትምህርትን ከ1 ዓመት ልምድ ጋር በማቅረብ ነው። ማረጋገጫው እንዳይወድቅ በየ2 ዓመቱ 36 የትምህርት ነጥብ ይፈለጋል።

ከቤት መሥራት አለ፤ ግን ጀማሪን ከቤት የሚቀጥር ጥቂት ነው። አሠሪው በሰዓት ይህን ያህል ቻርት፣ 95 በመቶ ትክክል ብሎ ይለካል፤ አጠገቡ የሚጠይቀው ሰው የሌለው ጀማሪ ፍጥነቱንም ጥራቱንም ያጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን በር በኮደርነት ብቻ አትፈልጉት። የኢንሹራንስ ማጣሪያ፣ የክፍያ ምዝገባ፣ በተለይ ኢንሹራንስ የመለሰውን ክሌም መከታተል የሆነውን የዲናያል ሥራ ያዙ። ዲናያል ላይ አንድ ዓመት የሠራ ሰው የትኛው ኮድ ለምን እንደሚወድቅ ያውቃል፤ ሥራ አስኪያጁም ያንን ያውቃል። አሁን በክሊኒክ ረዳትነት ወይም በእንግዳ ተቀባይነት የምትሠሩ ከሆነ እዚያው ውስጥ መዛወር ከውጭ ማመልከቻ ከመበተን ይቀላል።

ስለ ኤአይ ጽሑፉ ትንፍሽ አላለም። ኮድ የሚጠቁም ሶፍትዌር ዛሬ በብዙ ሆስፒታል አለ፤ እንደ ኤክስሬይ ንባብ ያለው ተደጋጋሚ ነገር ቀድሞ እየሄደ ነው። የሚቀረው ጥቆማውን አንብቦ የሚያጸድቅ ወይም የሚጥል ሰው ሥራ ነው፤ ይህም ሸምዳጁን የበለጠ ከበር ያስቀረዋል።

የራስ ድርጅት ከሳሎን ስለመክፈት፦ ሶፍትዌርና «ደንበኛ የሚሆኑ ሐኪሞች ዝርዝር» በሺዎች ዶላር የሚሸጡ ሰዎችን የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፍርድ ቤት ሲያቆም ኖሯል። ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ ቢለር ያልጠየቁ ሐኪሞች ስም ነው። ልምድ ኖሮትም የሚከፍት ሰው የታካሚ መረጃ ከመንካቱ በፊት ከክሊኒኩ ጋር የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ፣ ሂፓ፣ የሚጠይቀውን የቢዝነስ አሶሼት ውል መፈራረም አለበት፤ ቤተሰብ የሚጋራው ኮምፒውተርና የግል ኢሜይል አይሆንም። ክፍያን ከተሰበሰበው ገንዘብ በመቶኛ መቀበል በብዙ ስቴት የተለመደ ቢሆንም ኒው ዮርክ ይከለክለዋል። ሐኪሙ ደረጃ ከፍ አድርገህ ላክ ሲል እሺ ያለ ቢለርም «የታዘዝኩትን ነው» ብሎ አያመልጥም፤ የሐሰት ክሌም ሕጉ አውቆ የላከውንም ይይዛል፤ ቅጣቱ መንግሥት ያጣውን ገንዘብ ሦስት እጥፍ ያደርሳል።

አዲስ አበባ ያለ ዘመድን በራስ የይለፍ ቃል ማስገባት ደግሞ ምክር ሳይሆን የሂፓ ጥሰት ነው። በሕንድና በፊሊፒንስ ለአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚኮዱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ የሚሠሩት ግን ውል በገባ፣ የመረጃ ደኅንነቱ በተፈተሸ ኩባንያ ሥር ነው። የሜዲኬርን ሽፋን የሚሰጡ የግል ኢንሹራንሶች (ሜዲኬር አድቫንቴጅ) የታካሚ መረጃ ከአሜሪካ ውጭ ሲሠራበት ለመንግሥት ማሳወቅና ማረጋገጫ መስጠት አለባቸው፤ አንዳንድ ስቴቶች ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የሜዲኬይድ መረጃ ከአገር እንዳይወጣ በውላቸው ይከለክላሉ። አዲስ አበባ ሆኖ መማር የሚፈልግ ሰው አናቶሚውንና የአይሲዲን መሠረት ይማር፤ አይሲዲ ሥሩ የዓለም ጤና ድርጅት ስለሆነ በጤና መረጃ ሥራ ላይ እዚያም ይጠቅመዋል። ሲፒቲ ግን የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ንብረትና የአሜሪካ የክፍያ ሥርዓት ስለሆነ፣ የሚቀጥረው ኩባንያ በስም ካልታወቀ በቀር ለእሱ ገንዘብ ባያወጣ ይሻላል።